የሙባሪክ ማሽን የሚሉት

ባሂራ ነገሩን በሆዷ ይዛ ዓመታት አልፈዋል። ማሽኑ የእሷ ነው። ከቆሼ ቡታጅራ በርበሬ ስትነግድ ኖራ፣ መርካቶ ሄዳ መርጣ፣ በአውቶቡስ ጭኗ ላይ አቅፋ ያመጣችው እሷ ናት። በአንድ ጎኑ ካሴት፣ በሌላው ጎኑ ሲዲ የሚጎርስ፣ ያረጀ የሠርግ ካሴት እያጫወተ ወደ ሲዲ፣ ሲዲውንም መልሶ ወደ ካሴት የሚገለብጥ ዴክ ያኔ ቡታጅራ ውስጥ ሌላ አልነበረም። ግን የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ሙባሪክ ስለሚሠራበት ከተማው «የሙባሪክ ማሽን» አለው። ሙባሪክም አላስተባበለም። ጭራሽ በሩ ላይ «ሙባሪክ ቪዲዮ» ብሎ አስጻፈ። እጇን ወደ ማሽኑ ስትሰድድ ደንበኛ ፊት፣ «ተይው ባሂራ፣ ይሄ የሚቀነጠስ በርበሬ አይደለም» ይላትና ይስቃል። ደንበኛውም አብሮ ይስቃል። እሷ ወደ በርበሬዋ ትመለሳለች።

ሐሙስ ዕለት ግን አልቻለችም። ገዢዎቿ ቆመው እየሰሙ፣ «አንድ ቀን አንተንም ማሽኑንም ባንዴ ነው የምገላገላችሁ» አለችው።

ዓርብ ሙባሪክ ሞቶ ተገኘ።

ጊዜው መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። የዚያን ቀን ባሂራ ቤቷ ደጅ ምንጣፍ ላይ ዛላ ትለያለች። የጁምዓ አዛን ሲጀመር መብራት ሄደና የሙአዚኑ ድምፅ መሐል ላይ ተቆረጠ። ብዙም ሳይቆይ መስጊዱ በዚያው ሳምንት ያስመጣው ጄኔሬተር ተንተከተከ፤ አዛኑ ከቆመበት ቀጠለ። ኋላም ኹጥባው፣ የኢማሙ የጁምዓ ስብከት፣ በድምፅ ማጉያው እሷ ደጅ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ።

አዛኑ ተቆርጦ ጄኔሬተሩ ገና ሳይነሳ የቆሼ መስመር ሚኒባስ ሾፌሩ ሽባባው እያጉረመረመ መጣባት።

«እትዬ ባሂራ፣ ያ የባልሽ ወንድም የሠርጌን ሲዲ ሊበላው ነው እንዴ? በሩን ባንኳኳ ባንኳኳ ዝም።»

«ጁምዓ ሄዶ ይሆናል። ከሶላት በኋላ ና።»

«ምን ይሄዳል፣ ውስጥ ነው እንጂ» ብሎ ሄደ። እሷም ዛላዋን መለየቷን ቀጠለች።

ሰው ከሶላት ሲመለስ ሙባሪክን ለምሳ ልትጠራ ሄደች። የቪዲዮ ቤቱ ብርሃንም ድምፅም እንዳይገባ መስኮቱ በካርቶን፣ ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ ስለሆነ፣ የፊቱ በር አልከፈት ሲላት ገርበብ ባለው የጓሮ በር ገብታም ቶሎ አላየችውም። እግሯ ነው ያገኘው። በደረቱ ወድቋል። በቀኝ እጁ የማሽኑን ሽቦ ጨብጧል፤ ሽቦው ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ከማሽኑ ጀርባ ተመንጭቆ መዳቡ ወጥቷል። ከራሱ አጠገብ መብራት ሲዋዥቅ ማሽኑን የሚጠብቀው፣ ድንጋይ የሚያህል ስታቢላይዘር ተቀምጧል።

የከተማው ፖሊስ «ኤሌክትሪክ ነው የመታው» አለ። ወደ ማታ ከሆስፒታል ሌላ ወሬ መጣ፤ ማጅራቱ ላይ ያለው ቁስል የመውደቅ አይደለም፣ ተመትቷል። ያን ጊዜ የሐሙሱ ነገር ሰው አፍ ውስጥ ገባ። አስር አለቃው ቪዲዮ ቤቱን አሽጎ፣ «ከወልቂጤ መርማሪ እስክትመጣ ከሰፈር ንቅንቅ እንዳትይ» አላት። ባሂራ እስር ቤት ታያት። ከዚያም የባሰ ታያት፦ ገዳይ ተብላ ስትገባ፣ ማሽኑ የሙባሪክ ማሽን እንደተባለ ሲቀር።

ቅዳሜ ጠዋት ኢንስፔክተር ሆሳዕና መጣች። አጭር፣ ቀጠን ያለች፣ ጠይቃ መልሱን ሳይቸኩላት የምትጠብቅ ሴት ናት። መጀመሪያ ባሂራን ይዛ ወደ ታሸገው ክፍል ገባች።

«ወይዘሮ ባሂራ፣ ገድለውታል ይባላል።»

«ይበሉዋ! አፍ አላቸው።»

«ዝተውበት ነበር?»

«ዝቻለሁ። አሁንም ከመቃብር ቢነሳ እዝትበታለሁ። መግደል ግን ሌላ ነው።»

ሆሳዕና ፈገግ አለችና ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች። የካሴቱን አፍ በጣቷ ገፋ አድርጋ በባትሪ አበራችበት።

«ውስጡ ካሴት አለ። ለምን አላወጣችሁትም?»

«መብራት ከሌለ አይተፋም። ብትደበድቢውም አይተፋም።»

«ከትናንት ወዲህ ስለዚህ ማሽን የጠየቀ አለ?»

«ያልጠየቀ ማን አለ? ሽባባው ሠርጌን አለ። ፈቲሀ የአባቴን ካሴት አለች። ወንድሟ አብዱልሃፊዝ እንኳ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ መብራት መቼ ይመጣል ይላል።»

«እርስዎስ ዓርብ የት ነበሩ?»

«ደጄ። ሽባባውን ጠይቂው፤ አዛኑ ሲቆረጥ መጥቶ ነዝንዞኛል።»

ሆሳዕና በሩን መልሳ አሳሸገች። የቀሩትን ለቅሶው ቤት ጥግ ይዛ አንድ በአንድ አናገረቻቸው። ባሂራም ከለቀስተኛው መሐል ሆና ጆሮዋን ጣለች፤ የእሷ አንገት ያለበት ነገር ነዋ።

ሽባባው እጁን እያወናጨፈ ነበር የሚያወራው።

«እኔ ምን አገባኝ ኢንስፔክተር? ሠርጌ በሲዲ ተሠርቶ አልቋል፣ ና ውሰድ ተባልኩ። ስሄድ በሩ ዝግ ነው፤ ከውስጥ ግን የራሴ የሠርግ ዘፈን ይሰማል። በር ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነው የሰማሁት። በገዛ ሠርጌ ደጅ ቀረሁ በይኛ!»

«ሙሽራው ደጅ?»

«ሳቂ አንቺ። ሚስቴም ስቃብኛለች።»

«ዘፈኑ መቼ ቆመ?»

«መብራት ሲሄድ ነዋ። አዛኑ ቁርጥ፣ ዘፈኑ ቁርጥ። አሁንስ ይከፍታል ብዬ አንዴ አንኳኳሁ፤ ዝም ሲል ወደ እትዬ ባሂራ ሄድኩ።»

ፈቲሀ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በቀስታ ነበር የምታወራው። አባቷ ሐጂ ሰይዶ የመስቃን ገበሬ ነበሩ። በአንድ የአረፋ በዓል አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ሁሉ ተሰብስበው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሜራ እየቀረጸ፣ የእንሰቱን መሬት በእርጅናቸው ለጦረቻቸው ለፈቲሀ ተናዝዘዋል። ሽማግሌዎቹ አሁን በሕይወት የሉም፤ የአዲስ አበባዎቹም በጠቡ አንገባም ብለዋል። ወንድሟ «እንዲህ ያለ ኑዛዜ አልነበረም» ብሎ መሬቱን ይዟል።

«ሰኞ አዲስ ሽማግሌ ይቀመጣል። ካሴቱ አርጅቶ እንዳይበጠስብኝ በሲዲ ይሁንልኝ ብዬ ለሙባሪክ ሰጠሁት።»

«ላዩ ላይ ሌላ ነገር ሊቀዳበት ይችላል?»

«አይችልም። ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በጥርሴ ሰብሬያታለሁ። እሷ ከተሰበረች ማሽኑ አይቀዳበትም።»

መጨረሻ አብዱልሃፊዝ ነበር። የእህል ነጋዴ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው የሚያከብረው። ሆሳዕናን «እህቴ» እያለ ነበር የሚያናግራት።

«ዓርብ ጁምዓ ላይ ነበርኩ። አርፍጄ ስለደረስኩ ውጭ ግቢው ውስጥ ሰገድኩ።»

«ኹጥባው ስለ ምን ነበር?»

«ምኑን ሰምቼው እህቴ። መብራት ሄዶ ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። ውጭ የነበርነው ኢማሙን አልሰማንም፤ የፊቱ ሰው ሲያጎነብስ አጎነበስን።»

ሆሳዕና አመስግናው ውሃ ጠየቀች። ውሃውን ያቀበለቻት ባሂራ ነበረች። ሦስቱም መልስ አላቸው፤ ሐሙስ የዛተችው እሷ ብቻ ናት።

እሑድ ጠዋት መብራት መጣ። ሆሳዕና አራቱንም ቪዲዮ ቤት ሰበሰበቻቸው። ጠባብ ስለሆነ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ። አስር አለቃው በሩን ይዞ ቆመ። የተመነጨቀው ሽቦ ተጠግኗል።

«ወይዘሮ ባሂራ፣ ካሴቱን ያውጡልኝ።»

ባሂራ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ አጉረምርሞ ካሴቱን ተፋ። ፈቲሀ ገና ስታየው «የአባቴ ነው» አለች። ሆሳዕና ጀርባውን አዙራ አሳየቻት፤ ፕላስቲኩ የተሰበረበት ቀዳዳ ላይ አዲስ ፕላስተር ተለጥፎበታል።

«ይሄን እኔ አልለጠፍኩም» አለች ፈቲሀ።

«አውቃለሁ። ቀዳዳው ከተደፈነ ማሽኑ እንደገና ይቀዳበታል። ወይዘሮ ባሂራ፣ ወደ መጀመሪያው ጠምዝዘው ያጫውቱት።»

ቴሌቪዥኑ በራ። የአረፋው በዓል የለም። ሽባባው ሱፍ ለብሶ፣ አበባ ይዞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ይጨፍራል።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለ ሽባባው። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሆሳዕና ድምፁን አስቀነሰችና ተነሳች።

«ዓርብ ዕለት አንድ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ የሽባባውን ሲዲ በዚህ ጎን ከቶ፣ በፈቲሀ ካሴት ላይ ሲገለብጥበት ነበር። ሊያጠፋው ነው። ሙባሪክ ቆሞ እያየ ይሄን አይፈቅድም፤ የደንበኛ ካሴት ነው። ስለዚህ ያኔ ሙባሪክ ወድቋል። ሽባባው በር ላይ ሆኖ የሰማው ዘፈን ይሄ ነው። መብራት እስኪሄድ ሰምቶታል። እንግዲህ ሙባሪክ የጨበጠው ሽቦ የየትኛው ዕቃ ነው?»

«የማሽኑ» አለች ባሂራ።

«ሽቦው ቀድሞ ተመንጭቆ ቢሆን ማሽኑ አይዘፍንም ነበር። መብራት እስኪሄድ ከዘፈነ፣ ሽቦው እስከዚያ ድረስ ቦታው ላይ ነበር። መብራት ከሄደ በኋላ ደግሞ ዝንብ አይገድልም። ሽቦውን የመነጨቀው፣ ሟቹን ያስጨበጠውም ገዳዩ ነው። ካሴቱን ይዞ ለመጥፋት አስቦ ነበር፤ መብራት የለም፣ ማሽኑም አልተፋለትም።»

አስር አለቃው ባሂራን አየ። «ታዲያ እሷስ?»

«መብራት ሲሄድ ገዳዩ እዚህ ውስጥ ነው። ሽባባው ከበሩ ዞር ብሎ በቀጥታ ያገኛት ደጇ ላይ፣ ዛላ ስትለይ ነው። እሷም አይደለችም፣ ከበሩ ውጭ የነበረው ሽባባውም አይደለም። ፈቲሀ ያላትን አንድ ማስረጃ በእጇ አታጠፋም።»

አብዱልሃፊዝ ከተቀመጠበት ቀና አለ። «እኔ ጁምዓ ላይ እንደነበርኩ ነግሬሻለሁ።»

«ነግረውኛል። ድምፅ ማጉያው ጸጥ ስላለ ኹጥባውን አልሰማሁም ብለዋል። ወይዘሮ ባሂራ፣ እርስዎ ቤትዎ ደጅ ሆነው ኹጥባውን ሰምተዋል?»

«አንድም ሳይቀር። ስለ ዝምድና ነበር። መስጊዱ ጄኔሬተር አስነሳ አይደል እንዴ።»

አስር አለቃው ዓይኑን ከባሂራ አንስቶ ወደ አብዱልሃፊዝ አዞረ።

«ከተማው በሙሉ የሰማውን ኹጥባ ግቢው ውስጥ የሰገደ ሰው አልሰማም» አለች ሆሳዕና። «እርስዎ እዚህ ሆነው መብራት ሲሄድ አይተዋል። መብራት ከሌለ ማጉያውም የለም ብለው ገመቱ። ጄኔሬተሩን አላወቁትም። ይሄ ሁሉ ብርድ ልብስ ድምፅ አያስገባም፤ እዚህ ሆኖ መስጊዱ አይሰማም። ሽባባው ዘፈኑን የሰማው ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ነው። ካሴቱን ለማውጣት ሲታገሉ ኹጥባውም ሶላቱም አልቆ ማጉያው ጸጥ አለ፤ ሰው ሳይበተን በጓሮ በር ወጥተው ሄዱ።»

አብዱልሃፊዝ አፉን ሊከፍት ሲል ስክሪኑ ላይ የሽባባው ሠርግ ቁርጥ አለ፤ መብራቱ የሄደበት ቦታ ነው። ጥቂት ተዥጎረጎረና ነጭ ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ሐጂ ሰይዶ ናቸው። አመልካች ጣታቸውን አንስተው ስለ እንሰቱ መሬት እያወሩ ነው። አብዱልሃፊዝ አባቱን እንዳየ ጉልበቱን ይዞ አቀረቀረ።

«ካሴቱ ተበላሽቷል በላት ብዬ ነው የለመንኩት» አለ ወደ መሬቱ። «ሌላ ምንም አላልኩትም። ሳቀብኝ። ‹የሰው አደራ ነው፤ ሂድ ለአባትህ ንገራቸው› አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ያ ከባዱ ስታቢላይዘር እጄ ላይ ነበር።»

ፈቲሀ «ወንድሜ» አለች።

ባሂራ ያን ሳቅ ታውቀዋለች። ስንት ዓመት ሙሉ ስትጠላው የኖረችው ሳቅ ነው። የሰውን መብት አላስበላም ብሎ የሞተ ሰው የእሷን እንዴት ሲበላ እንደኖረ ግራ ገባት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አላለቀሰችለትም ነበር። አብዱልሃፊዝ እጁ በካቴና ታስሮ ሲወጣ፣ ማሽኑ ላይ ተደግፋ አለቀሰችለት።

የሰኞው የሽማግሌዎች ጉባኤ ለሌላ ሳምንት ተዛወረ። በቀኑ የመስቃን ሽማግሌዎች የባሂራ በርበሬ ቤት ውስጥ ኩንታል ተደግፈው ተቀመጡ። ማሽኑን ከቪዲዮ ቤቱ አምጥታ ሚዛኑ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ያኖረችው እራሷ ናት። ካሴቱን ከተተች፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች።

«በይ እንጂ ልጄ» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «የሙባሪክ ማሽን ቶሎ አይነሳም እንዴ?»

ባሂራ ጣቷን አነሳችና ኩንታሏ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«ምን ሆነች?»

«የማን ማሽን ነው?» አለች ባሂራ።

ተያዩ። አንደኛው፣ «አላህ ይማረው፣ የሟቹ...» አሉ። ባሂራ እጇን አጣምራ ጠበቀች። ሽማግሌዎቹ አሳላቸው፤ ሰዓት አዩ። ለሟች ጸሎት አደረጉ፤ እሷም አሚን አለች፤ ግን አልተነሳችም።

ፈቲሀ ናት ቀድማ የተናገረችው። «የእትዬ ባሂራ ማሽን ነው። ከመርካቶ በጭኗ አቅፋ ያመጣችው እሷ ናት።»

«እሺ» አሉ ሽማግሌው። «የባሂራ ማሽን ነው።»

«ሁላችሁም በሉት።»

አንድ በአንድ አሉት። እሷም ተነስታ ተጫነችው።