«ምክንያት» የሚለው ባዶ ነው

«ምክንያት የሚለው ባዶ ነው» አለች መዝጋቢዋ፣ ቅጹን በመስኮቱ ስር መልሳ እየገፋች። «እናትሽ ለምን መማር እንደፈለጉ አልጻፉም። ሳይሞላ አልቀበልም።»

«ነገ ላምጣው?»

«ነገማ ምዝገባ የለም። አስር ሰዓት ላይ እንዘጋለን።»

ልጅቷ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሃያ ደቂቃ። ከቅጥነቷ የተነሳ ቤትም ሰፈርም ሽቦ ይሏታል። አሁን አንድ ክፉ ሐሳብ ሽው አለባት፤ ዝም ብላ ብትሄድስ? እናቷ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። የሽቦ የቮሊቦል ልምምድም ቅዳሜ ነው። የአራት ዓመት እህቷን ማን ሊይዛት ነው? ያው የታወቀ ነው። «አልደረስኩም» ማለት ብቻ ይበቃል።

ግን ደወለች። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና ዕቃ ማምከኛ ማሽን ትጠግናለች፤ ከኋላዋ ብረት ይንኳኳል።

«እማ፣ ምክንያቱን ለምን ዘለልሽው?»

«እሱን እኔ ነኝ እንዴ የምሞላው? ኢንጂነሩ አይደል?»

«የምን ኢንጂነር? የትምህርት ቅጽ እኮ ነው!»

እናቷ በሳቅ ፈረሰች። «ወይ ጉዴ! እጄ ለምዶ ነው። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ብልሽቱን የማገኘው እኔ፣ ምክንያቱን ጽፎ የሚፈርመው እሱ።»

«ሳቂ አንቺ! ሰዓት እየሄደ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ብረቱ መንኳኳቱን አቆመ።

«ባለፈው ማሽኑን ሰኞ ጠዋት ጨረስኩት፣ ሽቦዬ። ኢንጂነሩ ፈቃድ ላይ ነበር። ካልፈረመ ደግሞ አይከፈትም። እስከ ሐሙስ ድረስ በደህና ማሽን አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ለቀዶ ሕክምና የመጣ ሰው ሲመለስ አየሁ። ይኸው ነው። አንቺ አሳምሪው።»

ሽቦ እስክሪብቶ ተዋሰች። «ዕውቀቴን ለማዳበር» ብላ ልትጀምር ነበር፤ የክፍል ድርሰት መሰላትና አስጠላት። እናቷ እንዳለችው፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ አንድም ሳታስቀር ጻፈችው። መስመሩ አልበቃ ብሎ ጽሑፉ ጠርዙ ላይ ወጣ።

መዝጋቢዋ አነበበች። እንደገና አነበበች። «ባጭሩ ነበር የሚባለው» አለችና ማኅተሙን ጧ! አደረገችበት።

ሽቦ ከግቢው ስትወጣ ለቡድኑ አምበል መልእክት ላከች፤ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቅዳሜ እህቴን ይዣት ነው የምመጣው። ኳስ ትለቅምልናለች።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ብታለቅስስ?»

«አንቺስ ስንሸነፍ ታለቅሺ የለ?» ብላ ጻፈችና ስልኩን ኪሷ ከታ፣ እህቷን ልትወስድ ወደ መዋለ ሕፃናቱ ፈጠነች።