መስቀሉን ያሰረው ሽቦ

ፎርማን ኢላሪዮ ቴሄዳ ከጉድጓዱ ወለል ላይ፣ ከተማው በተሠራበት የቀድሞ ሐይቅ ጥቁር ጭቃ ውስጥ፣ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ትናንት የግንበኞች የመስቀል በዓል ነበር። ዛሬ ጠዋት የሜክሲኮ ከተማ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ቁፋሮ ጸጥ ብሏል።

መርማሪ ባራሃስ በመሰላሉ ወርዶ አማተበና የሟቹን ጭብጥ ቀስ ብሎ ፈለቀቀ። በጣቶቹ መካከል የተቀደደ ሐምራዊ ወረቀትና የእንጨት ስንጣሪ አገኘ። ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ግንበኞቹ በሐምራዊ ወረቀትና በአበባ ያስጌጡት መስቀል ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ምን ያጓትትሃል?» አለ የፖሊስ አዛዡ ከላይ። «መኪናው በር ላይ እየጠበቀ ነው። ያ ሃሌሉያ ነው የገደለው፣ በቃ!»

«ሃሌሉያ» የሚሉት ክሪስፒንን ነው፤ የሟቹን የእህት ልጅ። ፌሮ ሠራተኛ ነው፣ ጴንጤ ነው። ትናንት መስቀሉን ተሸከም ሲባል እምቢ ብሎ ከአጎቱ ጋር በሰው ፊት ተጨቃጭቋል። ያ መኪና ይዞት ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም።

«ትንሽ ታገሰኝ» አለ ባራሃስ።

ከበር ውጭ የነበረው ዘበኛ እንደመሰከረው፣ በዓሉ አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ ከሟቹ ጋር ግቢ ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ክሪስፒን፣ መሐንዲስ ሳንቲባኜስ፣ የፌሮ ሠራተኞች አለቃ ማካሪዮ። እነሱ በየተራ ከወጡ በኋላ በሩ ተቆልፎ አድሯል።

«ፎርማኑ ላይ ጮኼበታለሁ፣ አልክድም» አለ መሐንዲሱ። «መስመሩ በየቀኑ ወደ መሀል ከተማ መግፋት አለበት፤ እነሱ ለመስቀል ማስጌጫ ወረቀት ይቆርጣሉ!»

«መስቀሉን ነክተውታል?»

«እኔ የምነካው ሲሚንቶ ነው። ወድቆ ባገኘውም ተራምጄው ነው የማልፈው።»

«ኧረ ኢንጂነር፣ አፍዎን!» አለ ማካሪዮ እያማተበ።

ክሪስፒን ካቴና ያረፈበትን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ከአጎትህ ጋር እንደተኳረፋችሁ ተለያያችሁ?»

«አይ፣ ጌታዬ። አመሻሽ ላይ ራሱ ከበዓሉ ዶሮ በሞሌ ወጥ ቋጥሮ አመጣልኝ። ‹አልተባረከም፣ ሳትፈራ ብላ› ብሎ ሳቀብኝ።» እንባውን በትከሻው ጠረገ። «‹ነገ ጠዋት ፒንሳህን ይዘህ ና፣ የምናፈርሰው ግድግዳ አለ› አለኝ። የትኛውን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ማካሪዮ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «የልጄ የክርስትና አባት ነበር። አበልጄን!»

«ትናንት ስትወጣ መስቀሉ እንዴት ነበር?»

«እንዳቆምነው ነዋ። ማን ደፍሮ ይነካዋል?»

ባራሃስ ወደ መስቀሉ ተጠግቶ አበባውን ገለጥ አደረገ። ከሥሩ ብዙ ቆየ። ከዚያ ለሚቀጥለው ግድግዳ ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ወደተዘጋጀው የፌሮ መረብ ሄደና ዘንጎቹን በእጁ ወዘወዛቸው። ተንቀጫቀጩ። ሁሉንም አፋፉ ላይ አስጠራ።

«ኢላሪዮ ሲገፋ የያዘው ይህንን መስቀል ነው» አለ። «ስንጣሪው እጁ ላይ ቀርቷል። የመስቀሉ ክንድ ተሰበረ፣ መስቀሉም ወደቀ። ታዲያ ማን አነሣው? ማንስ ጠገነው?»

«ጠዋት የመጡት ይሆናላ!» አለ አዛዡ።

«ዘበኛው በሩን ሲከፍት ቆሞ ነው ያገኘው። ኢንጂነሩ ወድቆ ቢያዩት እንደሚራመዱት ነግረውናል። ክሪስፒን በሰው ፊት እየተሰደበ እንኳ አልነካውም። አንድ ሰው ግን አበልጁን ጭቃ ውስጥ ትቶ መሄድ ቻለ፤ መስቀል መሬት ወድቆ ማየት አልቻለም።»

ማካሪዮ ከንፈሩን ነከሰ።

«የተሰበረው ክንድ የታሰረው በፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ ነው» ባራሃስ ቀጠለ። «ደርቦ፣ አጥብቆ። በዚያ መረብ ላይ ግን ብዙው መገናኛ ሳይታሰር ታልፏል። ኢላሪዮ ሊያፈርስ ያሰበው ግድግዳም እንዲሁ የተሠራ ነው። አይደለም፣ ማካሪዮ?»

«ልገድለው አልነበረም!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «አጣደፉን! ቶሎ፣ ቶሎ! መገናኛዎቹን ሳላስር መዝለል ጀመርኩ። ሲሚንቶ ከተሞላ ማን ያየዋል? ‹ነገ ለኢንጂነሩ እናገራለሁ፣ ግድግዳው ይፈርሳል› አለኝ። ተባርሬ የት እገባለሁ? ለመንኩት። እምቢ ሲለኝ... ገፋሁት።»

መሐንዲሱ ፊቱን አዞረ።

«መስቀሉን ግን አሳምረህ አስረኸዋል» አለ ባራሃስ በዝግታ። «ግድግዳውን እንዲህ ብታስረው ኖሮ አበልጅህ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

«መስቀል የእግዚአብሔር ነው፣ ጌታዬ።»

«በዚህ ግድግዳ ሥር በባቡር የሚያልፉትስ የማን ናቸው?»

ካቴናው ከክሪስፒን እጅ ወጥቶ በማካሪዮ እጅ ገባ፤ መኪናውም ይዞት ሄደ።

ክሪስፒን የእጁን አንጓ እያሻሸ መስቀሉን ትንሽ ተመለከተው። አልሰገደለትም። ከዚያ ወደ መሐንዲሱ ዞረ።

«ፒንሳዬ የት አለ?» አለ። አጎቱ ግድግዳውን ለማፍረስ የቀጠረው ለዛሬ ጠዋት ነበር።