የጳጉሜ ዝናብ

«ይቺ ነጥብ ውሸቷን ነው!» አለች ሩፋይዳ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ተክላ።

ኢዮብ ቀና ብሎም አላያት። በማግስቱ ወልቂጤ ላይ ለሚከፈተው የዞኑ የሳይንስ ኤግዚቢሽን የሚወስዱትን ፖስተር ጠርዝ በፕላስተር እያጣበቀ ነበር። «ደግሞ ምን ሆነች?»

«የሁለት ሺህ አምስት ነጥብ ናት። የዚያን ዓመት ጎርፍ የአክስቴን ቤት ከነአጥሩ ጠራርጎ ወስዷል። እዚህ ግን ከሌሎቹ ዓመታት ሁሉ ታንሳለች። ቡታጅራ ውስጥ ያን ክረምት የረሳ ሰው አለ?»

ኢዮብ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ልጅ ነው፤ አሁን ግን ፕላስተሩን በጥርሱ መቁረጥ ያዘ።

ሁለቱም አሥራ አንደኛ ክፍል ናቸው። ከሜትሮሎጂ ጣቢያው የየቀኑን የዝናብ መጠን ወስደው፣ ከየዓመቱ ትልቁን ብቻ መርጠው፣ «አር» በሚባል የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሞዴል ሠርተዋል። ያስጀመሯቸው የክበቡ መሪ መምህር ተረፈ ናቸው። «አማካይ ዝናብ ቤት አያፈርስም፤ እኛ የምንፈልገው ጽንፉን ነው» ብለዋቸው ነበር። ሞዴሉ ከየዓመቱ ትልቅ ዝናብ ተነስቶ፣ ሰው በዕድሜው ላያየው የሚችለውን ትልቅ ዝናብ ይገምታል።

ባለፈው ሳምንት አክስቷ ከድጄ፣ «ያ ኮምፒውተራችሁ ምን ይላል? ቤቴን እዚያው ልሥራው?» ብላ ጠይቃት ነበር። ሩፋይዳም ደረቷን ነፍታ፣ «እንደዚያ ያለ ዝናብ በመቶ ዓመት አንዴ እንኳ አይመጣም፤ ሥሪው!» አለቻት። ከድጄም ቃሏን አምና ግንበኛ ጠራች። መሠረቱ ከትናንት ጀምሮ እየተቆፈረ ነው።

ሩፋይዳ ዋናውን ፋይል ከፈተች። ጣቢያው ቀኑን የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጎርፉ የመጣውም በጳጉሜ። ሶፍትዌሩ ግን ዓመትን በአሥራ ሁለት ወር ብቻ ያውቃል። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ ቀኑን ባዶ አድርጎ ረድፉን ጥሎታል። በጎርፉ ዝናብ ቦታ አንድ ተራ የነሐሴ ዝናብ የዓመቱ ትልቅ ተብሎ ገብቷል።

«ማስጠንቀቂያ ማሳየቱ አይቀርም። አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ» አለ ኢዮብ፣ ወደ ፖስተሩ እያየ። «አስተካክዬም ሞክሬ ነበር። ሳስገባት ከመስመሩ ወጥታ ላይ ተሰቀለች። ግራፉ ተበላሸ፤ ስለዚህ ተውኳት። አንድ ነጥብ እኮ ናት፣ አታካብጂ!»

ደሟ ፈላ። «ስለ ትልቁ ዝናብ ልንናገር ተነስተን ትልቁን ዝናብ ጣልነው? ወላሂ አንተ ጤነኛ አይደለህም!»

«ቲቸር እንኳ አላወቁም፤ ዳኞቹ ከየት ያውቃሉ? ነገ አንደኛ እንወጣለን። ዝም በይ በቃ።»

ሩፋይዳ ቀኖቹን ሁሉ፣ ጳጉሜንም ጨምራ፣ ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቀይራ ሞዴሉን እንደገና አስኬደችው። ነጥቧ አናት ላይ ወጣች፤ መስመሩም ተከትሏት ሽቅብ ታጠፈ። በመቶ ዓመት አይመጣም የተባለው ዝናብ፣ የከድጄ ትንሹ ልጅ ትምህርት ሳይጨርስ ሊመለስ የሚችል ሆነ። ግምቱም ጠባብ አልነበረም፤ ከዚያ ቀድሞም፣ በጣም ዘግይቶም ሊሆን ይችላል።

ኢዮብን በጥፊ ብትለው ደስ ባላት። ይበልጥ ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። ነጥቧ ባለፈው ሳምንትም እዚያው ነበረች፤ እሷ አላየቻትም። «ሥሪው» ያለው ደግሞ የኢዮብ አፍ አልነበረም።

ፖስተሩን ነጥቃ ጠቀለለችው።

«ወዴት ነው?» አለ ኢዮብ ደንግጦ።

«መጀመሪያ ቲቸር ጋ፣ ከዚያ አክስቴ ጋ።»

«ነገስ? ወልቂጤስ?»

በሩን በላዩ ላይ ዘጋችበት።

ለመምህር ተረፈ ሁሉንም ነግራ፣ ፖስተሩን አስረክባ ከድጄ ሰፈር ስትደርስ ግንበኛው የመሠረቱን አንድ ጎን በድንጋይ ሞልቶታል። አክስቷ ከሩቅ አይታት ፊቷ በራ። «ነይ የኔ ምሁር! እይው እስቲ፣ አላማረም?»

«አክስቴ፣ አስቁሚው። የነገርኩሽ ስህተት ነው። ያ ዝናብ ይመለሳል።»

ግንበኛው ድንጋይ እንደታቀፈ ቆመ። የከድጄ ፈገግታ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ሥሪው ያልሽኝ? ምን አደረግሽኝ? አሁን የት ልግባ?»

ሩፋይዳ የዩኒፎርሟን እጅጌ ጠቅልላ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደችና አንዱን ድንጋይ ፈንቅላ ወደ ውጭ አወጣችው።