ሁለት ካርዶች፣ አንድ ስም

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ታካሚዎችን መቶ ሃምሳ ስድስት አደረገቻቸው። የፈጀባት ግማሽ ቀን ነው። ማንም አልሞተም፤ ግን ለጥቂት ነው የተረፉት።

ልጅቷን በክሊኒኩ ሁሉም «ጥድፊያ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው፤ ደረጃ ስትወርድ ሁለት ሁለቱን ስለምትዘል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልሞላትም። ኮድ ትጽፋለች፣ ዳታቤዝ የሚባለውን የመረጃ ቋት ሠርታ ከኮምፒውተር ገጾች ጋር ታገናኛለች። ጀማሪ አይደለችም፤ አዋቂም ገና አልሆነችም። ሰው ብዙ የሚያጠፋው እዚህ መሃል ላይ ሲሆን ነው።

የታካሚዎቹን መመዝገቢያ ሲስተም እሷ ሠራችው። ወረቀቱን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባው ደግሞ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ስድስት ወር ፈጀበት። ሲጨርስ መዝገቡን ብታይ፣ በብዙ ቦታ ያው ስም፣ ያው የአባት ስም፣ ያው ዕድሜ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

«ይሄ ሰውዬ ደጋግሞ ነው የጻፈው» አለች በሆዷ። ተመሳሳዮቹን የሚያዋህድ ኮድ ጽፋ አስኬደችው።

በማግስቱ ሰውዬው ሁለት ካርድ ይዞ መጣ። የሸሚዙ ኪስ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ፈስሶበታል።

«እህቴ፣ አንድ ጊዜ...»

«ቶሎ በል፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ካርዶቹን በጨረፍታ አየቻቸው። «ስም አንድ። የአባት ስም አንድ። ዕድሜ አርባ አምስት፣ አርባ አምስት። አንድ ሰው ናት።»

«አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንዷ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። አስተማሪዋ አርባ አምስት ከሆነች፣ እኔ ገና አልተወለድኩም።»

ሳቋ መጣ። ዋጠችው።

«ታዲያ ለምን አርባ አምስት ብለህ ጻፍክ?»

«ያሉኝን ነዋ! ከሴት ወይዘሮ ጋር በዕድሜዋ ልከራከር?»

«ስማ፣ ወረቀቱ መቅረቱ እንደሚያስፈራህ ይገባኛል። ግን ሥራዬን ይነጥቀኛል ብለህ ኮምፒውተሩ ላይ ስህተት አትፈልግ።»

ሰውዬው አልተቆጣም። ካርዶቹን አስተካክሎ ያዘ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል» አለ። «መልአኩም አንዳንዴ ስም ያልቅበታል።»

ሄደ። እሷም ረሳችው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ታማ መጣች። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ቢያይ ምንም ክልከላ የለም፤ ፔኒሲሊን መርፌ አዘዘላት። ፔኒሲሊን ደግሞ አይስማማትም። ማስጠንቀቂያው ተመዝግቦ ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ሲዋሃዱ ግን የተረፈው የአስተማሪዋ መረጃ ነው።

የካርድ ክፍሉ ሰው ሴትዮዋ ወደ መርፌ ክፍል ስትገባ በመስኮቱ አያት። ካርዷን ከመደርደሪያው መዞ ሮጠ።

«ሲስተር! ቆይ! እንዳትወጊያት!»

ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ካርዱ ላይ በቀይ የተጻፈውን አነበበች። መርፌውን ወደ ትሪው መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሯ ስብሰባ ጠሩ። ካርዱን ወደ ኮምፒውተር ያስገባው እሱ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ዘሎታል ማለት ነው አሉ። ከዓርብ ጀምሮ ውልህ ተቋርጧል የሚል ደብዳቤ ሰጡት። ጥድፊያ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ሁለቱ ካርዶች ትዝ አሏት፤ ስብሰባው ሲያልቅ ቀድማ ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ካርድ ክፍል ወረደች። ደረጃውን አንድ በአንድ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለችው። «መጠባበቂያ ቅጂ ነበረኝ፤ እሱንም ከዚያ በኋላ የተወሰደው አዲሱ ቅጂ ተክቶታል። የቀረው ያንተ ወረቀት ብቻ ነው።»

«ወረቀቱ የትም አልሄደም።»

«እኔ መሆኔን ታውቅ ነበር?»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አልክ?»

«ሥራው ሊቀርበት ስለሆነ ነው ሊሉኝ? አንቺ ራስሽ ብለሽኝ የለ!»

ፊቷ ጋለ። «ይቅርታ አድርግልኝ» አለች። ይህችን ቃል ሳትቸኩል ስትናገር ማንም ሰምቷት አያውቅም።

ወንበር ሳበላት። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይላሉ። ነይ እንልቀም።»

ለቀሙ። እሱ ካርድ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች።

«ይሄኛው ተራ ሲጠብቅ ያፏጫል። ሞክሼው ደግሞ እናቱን ሳይዝ አይመጣም።»

«ይሄን ሁሉ እንዴት ታስታውሳለህ?»

«ካርድ ስሰጥ ቀና እላለሁ።»

ጥድፊያ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። ቀና ብላ አየችው። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ስድስት ወር አንድ ሕንፃ ውስጥ ሠርተው ዛሬ ማየቷ ነው።

ለሲስተሙ አዲስ ገጽ ሠራችለት። ከእንግዲህ ሁለት ሰዎች ሲመሳሰሉ ምንም አይዋሃድም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «አንድ ሰው ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል።

«ማን ነው የሚመልሰው?» አላት።

«አንተ። ለዚህ ነው እዚህ መቅረት ያለብህ።»

«ለዚህ ብቻ?»

«...ለዚህ ብቻ አይደለም።»

ሁለቱም ወደ ካርዶቹ አቀረቀሩ። ለረጅም ጊዜ ያው አንድ ካርድ እጁ ላይ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት መቶ ሃምሳ ስድስቱ ተመልሰው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆኑ። የመጨረሻውን ካርድ ሲመልሱ ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ልታመሰግነው መጥታ ነው። እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

«ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ!» ወደ ጥድፊያ ዞረች። «አንቺም የኔ ልጅ፣ አብረሽው ስትለፊ ሰነበትሽ አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ!»

ጥድፊያ ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ምስጋናውን ግን አልቻለችውም። ሴትዮዋ እንደወጣች ብድግ አለች።

«የት ልትሄጂ?»

«ዳይሬክተሯ ጋ።»

«ነገ ይደርሳል።»

«አንተ ነገ እዚህ የለህም።»

«ብትባረሪስ?»

«ሥራ ፈት ለሥራ ፈት እንጠባበቃለና!»

ዳይሬክተሯ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ማክሰኞ ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈርቼ ነበር።»

የእሱን ደብዳቤ ግልባጭ ከፋይሉ አውጥተው ቀደዱት። «የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላንቺ ይጻፋል። ሁለተኛ ቢደገም ግን...»

«አመሰግናለሁ፣ ዶክተር!»

«ለማስጠንቀቂያ ሰው ሲያመሰግነኝ የመጀመሪያዬ ነው።»

«እርስዎን ብቻ አይደለም። ወረቀቱን፣ እሱን... ሁሉንም ነው የማመሰግነው።»

ወጣች፤ በሩን እንደተከፈተ ትታ። እሱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር።

«ቀርተሃል!»

«አንቺስ?»

«እኔም። ማስጠንቀቂያ አለብኝ። እወድሃለሁ... ቸኮልኩ?»

ሳቀ። ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። «አልቸኮልሽም። ካርዶቹን ወደ ሲስተምሽ ሳስገባ ስድስት ወር ሙሉ ቀና እስክትዪ ስጠብቅ ነበር። እኔም እወድሻለሁ።»

ከውስጥ የዳይሬክተሯ ድምፅ መጣ። «እሰይ! ሰምቻለሁ! አሁን ያን በር ዝጉልኝ!»

ጥድፊያ ተመልሳ እጀታውን ያዘች። ቀስ ብላ ዘጋችው።