የሣህሌ እጅ

«ማን ነው ይሄ?» አሉ መምህር ባንተይርጋ ከኑሀሚን ጀርባ ቆመው።

ኑሀሚን እርሳሷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። መብራት ከጠፋ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል፤ ቬንትሌተሩ ቆሟል። የሰመራ ነሐሴ ደግሞ ያለ ቬንትሌተር አይቻልም። ላቧ ወረቀቱን እንዳያበላሽባት ከክንዷ ስር ፎጣ አንጥፋለች።

«ወንድሜ ነው፣ ቲቸር» አለች።

መምህሩ ጎንበስ አሉ። ስዕሉ ላይ አንድ ወጣት ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። ቀኝ እጁ ወደ ተመልካቹ ተዘርግቷል። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ናቸው ያሉት። በመሃላቸው የተሸበሸበ ጠባሳ ነው። መምህሩ ሁለት ወር ሙሉ ሲያስተምሯቸው የከረሙት ሁሉ እዚያ እጅ ላይ ነበር፦ ብርሃኑ የሚያርፍበት፣ ጥላው የሚጠቁርበት፣ መስመሩ የሚሳሳበት።

«ፈቅዶልሽ ነው የሣልሽው?»

በመጀመሪያው ቀን፣ ገና እርሳስ አያያዝ ሳይጀምሩ፣ መምህሩ አንድ ነገር በደብተራቸው አስጽፈዋቸው ነበር። «ጀሪካን ዝም ብላችሁ ሣሉ፣ ወንበር ዝም ብላችሁ ሣሉ። ሰው ከሆነ ግን መጀመሪያ ጠይቁ።»

«አዎ፣ ፈቅዶልኝ ነው» አለች ኑሀሚን።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት። «እስከ ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ ከተሣለው ይሄ ይበልጣል» አሉ። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

እንዲህ ያለ ቃል ከማንም ሰምታ አታውቅም። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰች ለክረምቱ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰመራ መጥታ፣ አክስቷ ቤት አርፋ፣ ኮሌጁ ለጀማሪዎች በከፈተው የስዕል ትምህርት ተመዝግባ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት አስለቅሷታል። ቀጥ ያለ መስመር በነጻ እጅ፣ አንድ መቶ ጊዜ። ከዚያ ክብ፣ አንድ መቶ ጊዜ። ከዚያ ያ ጀሪካን። የሷ ጀሪካን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያጋድል ነበር። አህመዲን የሚባለው የክፍሏ ልጅ «ያንቺ ውሃ ይፈሳል» እያለ ይስቅባታል።

ቤታቸው ውስጥ ስዕል የሚችለው ሣህሌ ነበር። በስምንት ዓመት ይበልጣታል። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ፣ መኪናው አዋሽ በቆመ ቁጥር ሾፌሮቹ ይከቡት ነበር። የጎማ መከለያው ፓራፋንጎ ላይ ጽጌረዳ፣ በር ላይ ርግብ ይሥልላቸዋል፤ የመኪናው ግንባር ላይ የልጃቸውን ስም ይጽፍላቸዋል። ማስመሪያ አይነካም። ኑሀሚንን እርሳስ ያስያዛትም እሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው መስመር ዲቾቶ ላይ ጎማ ሲቀይሩ መኪናውን ያነሳው ክሪክ ተንሸራቶ እጁን ቀጠቀጠው። ሣህሌ ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልያዘም። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ቤት ውስጥ ሲሆን ፎጣ ያለብሰዋል። እናታቸው እንኳ እጁን ባዶውን የምታየው አልፎ አልፎ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ኑሀሚን አየችው። ትምህርት ስላልነበረ አዋሽ ሄዳ ነበር። በቀትር በረንዳው ላይ ሣህሌ እንቅልፍ ጥሎት ፎጣው ወድቋል። ደብተሯን አወጣች። ትንሽ ልሞክርና እተወዋለሁ ብላ ነበር የጀመረችው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየች። መስመሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አሏት። ሣህሌ ሲገላበጥ ደብተሩን ቀሚሷ ስር ሸጎጠች። ሲነቃ ሻይ አፍልታ ጠበቀችው። ሰመራ ተመልሳ ያን ንድፍ በትልቅ ወረቀት አሳድጋ ሣለችው።

ይህን የነገረችው ለሰኢዳ ብቻ ነው። ሰኢዳ የሰመራ ልጅ ናት፤ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ነው የምትቀመጠው።

«ወላሂ ጥሩ አልሠራሽም» አለቻት ሰኢዳ። «ሳይሰቀል ንገሪያቸው።»

«ቲቸር ያሉትን አልሰማሽም? በቃ፣ ሣህሌ አዋሽ ነው ያለው። በምን ያየዋል?»

በትምህርቱ መዝጊያ ቀን የተማሪዎቹ ሥራ በኮሌጁ አዳራሽ ተሰቀለ። የኑሀሚን በሩ ፊት ለፊት ነበር። ሰው መጥቶ ሲቆምበት ራቅ ብላ ታያለች፤ ደስታዋን መደበቅ አቅቷታል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ።

«በር ላይ ነኝ» አለ ሣህሌ። «እማዬ ሻንጣ ይከብዳታል ብላ ላከችኝ። የድሮ ሾፌሬ ነው እስከዚህ ያመጣኝ። ሥራሽን ልየው እንጂ፣ አዳራሹ በየት ነው?»

አዳራሹ ሳይደርስ ልታገኘው ወደ ግቢው በር ሮጠች፤ ግን ተላለፉ። ስትመለስ እሱ አዳራሹ ውስጥ ገብቷል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጸጉሩን ተስተካክሏል። ፊት ለፊቱ ሁለት ወንዶች ልጆች ስዕሉን እያዩ ነበር።

«ምን በልቶት ነው በናትህ? ጅብ?» አለ አንዱ።

«ሸርጣን ይመስላል እኮ» አለና ሌላው ሁለት ጣቶቹን እንደ መቆንጠጫ አድርጎ አሳየ። ሁለቱም ሳቁ።

ሣህሌ አልተንቀሳቀሰም። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ የበለጠ ወደ ውስጥ ገፋው። ኑሀሚን አጠገቡ ደርሳ ቆመች። እሱ ስዕሉን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ አየው፤ የድሮ ደንበኞቹን መኪና በር እንደሚያየው ነበር ያየው።

«አውራ ጣቱ ረዝሟል» አለ በመጨረሻ። «ሻንጣሽ የት ነው?»

ወደ አዋሽ የሚወስደው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞባት አያውቅም። አውቶቡሱ ውስጥ ሣህሌ መስኮት በኩል ተቀመጠ። ውሃ ገዝቶ ሰጣት፣ ሻንጣዋን አወረደላት፤ ፊቱን ግን ከመስኮቱ አልመለሰም። ቤት ሲደርሱ «ሥራዋ እንዴት ነው?» ላለችው እናቱ «ደህና ነው» ብሎ ክፍሉ ገባ።

በአራተኛው ቀን መምህር ባንተይርጋ ደወሉ። ስዕሉ አዲስ አበባ ለሚካሄድ የወጣቶች ዐውደ ርዕይ ተመርጧል። ሥራው የተመረጠለት ልጅ እዚያው ለአንድ ወር ይሠለጥናል። «የቀረው የተሣለው ሰው ፊርማ ነው» አሉ። «ቅጹን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። አስፈርመሽ ዛሬውኑ መልሺልኝ።»

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ቅጹን አሳትማ ተመለሰች። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ሣህሌ ከአደጋው ወዲህ በግራ እጁ ነው የሚፈርመው፤ የተጠማዘዘች መስመር ብቻ ናት። የስዕል ትምህርት ያልተማረ ልጅ እንኳ አስመስሎ ይሠራታል። ማን ያውቃል? ሣህሌ አዲስ አበባ አይሄድ። እስክሪብቶውን አሳርፋ የመጀመሪያዋን ኩርባ ሠራች። ቁርጥ የእሱን ትመስላለች። ያ የአዳራሹ ልጅ ጣቶቹን እንደ መቆንጠጫ ሲከፍትና ሲዘጋ ታያት። እስክሪብቶውን አስቀመጠች፤ ቅጹን አጣጥፋ ቀደደችውና ደወለች።

«ቲቸር፣ ዋሽቼዎታለሁ። አልጠየቅኩትም። ተኝቶ ነው የሣልኩት።»

መምህሩ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ተሰማት።

«የመጀመሪያ ቀን ምን ነበር ያስጻፍኳችሁ?»

«መጀመሪያ ጠይቁ።»

«ታውቂው ነበር ማለት ነው» አሉ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። «በቦታሽ የአህመዲን ይሄዳል።» ስልኩ ተዘጋ።

የሣህሌ ክፍል ገርበብ ብሎ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኳስ ያያል። አልዞረም።

«ለቲቸር ነገርኳቸው» አለች በሩን ተደግፋ። «ሳልጠይቅህ እንደሣልኩህ።»

«እና? ላመስግንሽ?»

«አይ። እንድታውቀው ብዬ ነው።» አንድ እግሯን ወደ ክፍሉ አስገባች። «ብጠይቅህ እሺ ትለኝ ነበር?»

«አልልም።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጎል ገባ፤ ሕዝቡ ጮኸ። ሣህሌ ድምፁን አጠፋው።

«ከዚህ እስከ ጅቡቲ ድረስ ሰው የሚያውቀኝ በጽሑፌ ነበር» አለ። «ፊቴን አይቶ የማያውቅ ሾፌር ‹የሣህሌ እጅ ነው› ይል ነበር። አሁን አንቺ እጄን አሳየሻቸው።» ሪሞቱን አልጋው ላይ አስቀመጠ። «ስዕሉ የት ነው ያለው?»

«ኮሌጅ። አዳራሹ ውስጥ።»

«አምጪልኝ።»

«ልትቀድደው ነው?»

«ለኔ ተይው።»

በማግሥቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሰመራ ሄደች። አክስቷ ቤት አደረችና ጠዋት ከሰኢዳ ጋር ኮሌጁ ደረሱ። ዘበኛው አዳራሹን ከፈተላቸው። መምህር ባንተይርጋ በኮሪደሩ ሲያልፉ አዩዋት፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ቢሮአቸው ገቡ። ኑሀሚን ወንበር ላይ ወጥታ ስዕሉን አወረደች። ልክ ነበር ሣህሌ፤ አውራ ጣቱ ረዝሟል። እንዴት እስከ ዛሬ እንዳላየችው ገረማት። ቢሆንም ስዕሉ ያምራል። እንዲህ ያለ ደግማ ትሥል እንደሆነ አታውቅም።

«ቢያንስ በስልክሽ አንሺው» አለች ሰኢዳ። «ቢቀደድ እንኳ ይኖርሻል። እሱ በምን ያውቃል?»

ኑሀሚን ስልኳን አወጣች። በተሰቀለ ቀን ያነሳቻቸው ሦስት ፎቶዎች አሉ። አንድ በአንድ ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

«አንቺ!» አለች ሰኢዳ።

«ጠቅልይልኝ በናትሽ፤ የኔ እጅ ላብ አለው» አለች ኑሀሚን።

ለዐሥር ሰዓት ጥቂት ሲቀር አዋሽ ደረሰች። ሣህሌ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ጥቅሉን በግራ እጁ በኩል አስቀመጠችለት።

«ይኸው» አለችው።

እሱ ጥቅሉን አየው እንጂ አልነካውም። ኑሀሚን ወጥታ በሩን ዘጋችው። እናቷ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች «ምን አመጣሽለት?» አለቻት። ቢቀድደው የወረቀቱ ድምፅ እንዳይሰማት ፈጠን ብላ ከግቢው ወጣችና ወደ ባቡር ጣቢያው በኩል ሄደች።