አስማተኛዋ የረሳችው ፊት

መሬት ቀያሹ የተሰበረ መነጽሩን ይዞ ወደ መነጽር ቤቱ ሲገባ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ያለችውን ልጅ ከዚያ በፊት አይቷት አያውቅም። ፍሬሙን ስታቃና ከደረት ኪሱ ብቅ ያለውን የታጠፈ ወረቀት አየችው።

«ምንድነው?»

«የጨዋታ ሕግ። ጠረጴዛ ከበን ታሪክ እንፈጥራለን። እኔ እተርካለሁ፣ ሌላው ገጸ ባሕርይ ይሆናል።»

«ሕጉ በቃ አንድ ገጽ ነው? የት ነው የምትጫወቱት?»

«ፍሬን የሚባል መካኒክ ጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ።»

«ፍሬን? ወንድሜ እኮ ነው!»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ መጣች። ወንድሟ «ፍሬን» የተባለው የሰው ወሬ መሀል ላይ ማስቆም ስለሚወድ ነው። የዚያን ቀንም ቀያሹን በር ላይ አስቆመው።

«እህቴን እንደ እህትህ እያት። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለ ቀያሹ። ያን ጊዜ እሺ ማለት ቀላል ነበር።

በጨዋታው ፍሬን ወታደር ነበር፤ እሷ አስማተኛ ሆነች። በእነሱ ጨዋታ አስማት በዳይስ ዕጣ አይወሰንም። አስማተኛዋ ያለችው ሁሉ ይሆናል፤ ግን ከምትወደው ነገር አንዱን ማጣት አለባት። ምን እንደምታጣ ራሷ ትናገራለች፤ ተራኪው «ይሁን»፣ «አነሰ» ወይም «በዛ» ይላል።

ቀያሹ የፍሬንን ወታደር በምንም አይምረውም ነበር። ለእሷ ግን ሁሌም «በዛ» ነው። በሩን ለማቃጠል ድምፄን ልጣ ስትል፣ «በዛ፤ ጉንፋን ይበቃል» አላት። ጎርፉን ለማቆም ቤቴ ይፍረስ ስትል፣ «በዛ፤ ጣሪያው ያፍስስ» አላት። ለወንድሟ እሺ ካለ ወዲህ ሊሰጣት የሚችለው ይህን ብቻ ነበር። እሷም በእያንዳንዱ «በዛ» ትክ ብላ ታየዋለች። እይታዋን ምስጋና አድርጎ ወሰደው።

አንድ ቅዳሜ ወንድሟ ጓዳ ገብቶ የእጁን ግራሶ ሲታጠብ፣ ወደ ቀያሹ ጎንበስ አለችና ጠየቀችው።

«ታዝንልኛለህ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ ምንም እንዳላጣ የምትከለክለኝ ለምንድነው? አባቴን የቀበርኩ ሰው ነኝ። ወንድሜ ቤት ውስጥ እንደ እንቁላል ይይዘኛል፤ አንተ ደግሞ እዚህ። ዛሬም በዛ ካልከኝ ሁለተኛ አልመጣም።»

ሊመልስላት ሲል የቧንቧው ድምፅ ቆመ። ፍሬን እጁን እያደረቀ መጥቶ ተቀመጠ።

በታሪኩ ውስጥ የዚያን ቀን ጀልበኛው እየሰመጠ ነበር። በጀልበኛው አፍ የሚናገረው ቀያሹ ነው፤ አስማተኛዋ ከጨዋታው መጀመሪያ አንስቶ የምትወደውም ይህንኑ ጀልበኛ ነው።

«አድነዋለሁ» አለች። «ፊቱን እረሳለሁ። ስሙንም፣ አብረን የሄድነውን መንገድም።»

ፍሬን ሳቀ። «ቀያሽ፣ በዛ በላት እንጂ! እንደ ልማድህ።»

ቀያሹ አያት። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን የሚመረምሩት ዓይኖቿ ከእሱ አልተነሱም። «በዛ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ዋጠው።

«ይሁን» አለ። «ጀልበኛው ዳር ወጣ። ፊትሽ ቆሟል። አታውቂውም።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ፊቷ ግን የሆነ ነገር የቀለላት ይመስል ነበር።

«ማን ነህ?» አለችው።

በጀልበኛው ድምፅ መመለስ ነበረበት። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«መሬት ቀያሽ ነኝ። አንድ ቀን መነጽሬ ተሰብሮ ሱቅሽ መጣሁ። እንደ እህቴ ላይሽ ለወንድምሽ እሺ ብዬ ነበር። አልቻልኩም። እወድሻለሁ።»

«ይሄ ጨዋታው ውስጥ ነው አይደል?» አለ ፍሬን።

አንዴ እህቱን፣ አንዴ ጓደኛውን አየና ተነስቶ ጓዳ ገባ። ቧንቧው ተከፈተ። እጁ ግን ንጹሕ ነበር።

እሷ መነጽሩን አንስታ በሸሚዟ ጫፍ ወለወለችው፤ ቀስ ብላም ፊቱ ላይ መለሰችለት።

«ቀያሽ!» አለ ፍሬን ከጓዳ። «ለዚህ የምታጣው ምንድነው?»

«አንተን» አለ ቀያሹ።

ውኃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። እሷ የቀያሹን እጅ ይዛ ወደ ጓዳው በር አፍጥጣ ቀረች። በመጨረሻ ቧንቧው ተዘጋ።

«በዛ» አለ ፍሬን።