ከላይ የምታውቃት ከተማ

በዚያ ሳይት የሚሠራ ሰው ሁሉ ወፊት ይላት ነበር። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ግን መቶ ሜትር ላይ በተሰቀለች የመስታወት ካቢን ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ክሬን ስታንቀሳቅስ የኖረችን ልጅ ሌላ ምን ብለው ይጥሯት? ገና ሰማዩ ሳይገለጥ የኩባንያው ሰርቪስ ከከተማዋ ዳር ካለው የሠራተኞች መኖሪያ ያመጣታል። መሰላሉን ወጥታ ትቀመጣለች። ብረቱን፣ ብሎኬቱን፣ የአርማታውን ባልዲ ከመሬት ወደ ላይ ስታመላልስ ትውላለች፤ ሲመሽ ሰርቪሱ ይመልሳታል። ምሳዋንም የምትበላው እዚያው ነበር።

ከተማዋን ከላይ ጠንቅቃ ታውቃታለች። የማን ጣሪያ እንደዛገ፣ የትኛዋ ሴት በየትኛው ቀን ልብስ እንደምታሰጣ፣ ትምህርት ቤቶቹ ስንት ሰዓት ላይ ልጆቹን ወደ ሜዳ እንደሚለቁ ብትጠየቅ አትሳሳትም። በእግሯ ግን አንድም መንገድ አልረገጠችም ማለት ይቻላል።

ሕንጻው አለቀ። ኩባንያው የአንድ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኝ የወደብ ከተማ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሥራ ጀምሯል፤ እሷም በማግስቱ ጠዋት ከባልደረቦቿ ጋር በአውቶቡስ ልትሄድ ነው። ይህን የሰማች ታላቅ እህቷ በስልክ አሾፈችባት።

«አራት ዓመት ኖረሽ፣ ከተማዋ ምን ትመስላለች ብለው ሲጠይቁሽ ምን ልትይ ነው? ቆርቆሮ ትመስላለች ልትያቸው?»

ነገሩ ከነከናት። የቀራት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ደውላ ለአንድ ሰው የሚሆን የሁለት ሰዓት የእግር ጉብኝት አስያዘች።

አስጎብኚው አደባባዩ ላይ ካለው ፏፏቴ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ቀጠን ያለ፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ ወጣት ነው፤ ጓደኞቹ ካርታው ይሉታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሃያ ሠላሳ ሰው እያስከተለ በእነዚህ መንገዶች ተመላልሷል፤ ንግግሩ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት እንኳ አይጠፋውም።

«እንኳን ደህና መጡ። ዛሬ የምንጎበኘው የከተማችንን ጥንታዊ እምብርት ሲሆን፣ በቀኝዎ በኩል የሚመለከቱት ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ…»

«ይቅርታ፣» አለች ወፊት። «የዚያ ቤት ጣሪያ ቀይ ነው። መሃሉን ለምን በአረንጓዴ ቆርቆሮ ጠገኑት?»

ካርታው ቀና አለ። ከመንገዱ ላይ የሚታየው ግድግዳና መስኮት ብቻ ነው።

«የቱ አረንጓዴ?»

«ከዚህ አይታይም፤ ከላይ ነው።» ከሕንጻዎቹ ሁሉ በላይ የቆመውን ክሬን በጣቷ አሳየችው። «ያ የኔ ነው። ማለቴ፣ እስከ ትናንት የኔ ነበር።»

ክሬኑን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ክሬኑን አየ። በቃሉ የያዘው ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ። «ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ የዚያ ክሬን ክንድ ሲዞር ቆሜ አያለሁ። እዚያ ላይ ያለው ማን ይሆን እላለሁ።»

«እርስዎ ማለቱን ተወውና በእድሜዬ ላይ አትጨምርብኝ።»

«እሺ፣» አለ፤ አፉ ግን ቶሎ አልለመደለትም።

የተለመደውን መስመር ትቶ ወደ አሮጌው ቤተ መጻሕፍት ወሰዳት። ወፊት ከላይ የምታውቀው ግራጫ ጉልላቱን ነው። «የተደፋው ድስት» የሚል ስም አውጥታለት፣ የክሬኑን ክንድ ስታዞር እሱን ምልክት ታደርገው ነበር።

ከባዱን በር ገፍተው ገቡ። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ቆመች።

ያ ግራጫ ድስት ለካ አቧራ የጠጣ መስታወት ኖሯል። ብርሃኑ በእሱ ውስጥ ተጣርቶ፣ ለስልሶ፣ ከላይ እስከ ታች አዳራሹን ሞልቶታል። መጻሕፍቱ ክቡን ተከትለው አምስት ደርብ ሆነው ይወጣሉ። ታች መቶ የሚሆኑ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ያነብባሉ፤ የሚሰማው ገጽ ሲገለጥ ብቻ ነው።

«እኔ በላያቸው ክንዴን ሳዞር፣» አለች በሹክሹክታ፣ «እነዚህ ሁሉ ሰዎች እዚህ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች። ዓይኗ ውሃ ሞላ። ካርታው ስለ ጉልላቱ ስፋት፣ ስለ ሠራው መሐንዲስ የሚለው ብዙ ነበረው፤ አላለም። እዚህ አዳራሽ ሺህ ጊዜ ገብቷል፤ ቀና ብሎ ካየ ግን ዓመታት እንዳለፉት የታወቀው አሁን ነው። እሱም ቀና አለ። ጠባቂው መጥቶ መተላለፊያውን እንዲለቁ በእጁ እስኪያመለክታቸው ድረስ እንደዚያ ቆዩ።

ውጭ ወጥተው መንገዱን ይዘው ሄዱ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣» አለችው በኋላ። «ወንዙ ከሰሜን መጥቶ ጣውላ መሸጫዎቹ ጀርባ ሲደርስ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ማዶ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ብቅ ይላል። መሃሉን የት ነው የሚሄደው? አራት ዓመት ፈልጌዋለሁ።»

ካርታው ትክ ብሎ አያት። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

«ጉብኝቱ ውስጥ የለም፣» አለ። «ነይ።»

አንቺ ያላት ያኔ ነው። ሁለቱም ልብ አሉት፤ ሁለቱም እንዳልሰማ ሆኑ።

ሦስት ጠባብ መንገዶች አቋርጠው አንዲት የመጽሐፍ መጠረዣ ቤት ገቡ። ቤቱ ሙጫና ቆዳ ይሸታል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያሳረፉ ሴት የአንድ ወፍራም መዝገብ ጀርባ ይሰፋሉ። የካርታው እናት ናቸው።

«እማዬ፣ ወለሉን ልከፍት ነው።»

እናቱ መርፌያቸውን ገቱ። ያዩት ልጃቸውን ሳይሆን ወፊትን ነው፤ ከእግር እስከ ራስ።

«ስድስት ዓመት የሰው አገር ሰው ሲያዞር አንድ ሰው እዚህ አምጥቶ አያውቅም፣» አሉ። «አንቺ ምን ብለሽው ነው፣ ልጄ?»

«ወንዙ የት ነው የሚሄደው ብዬው ነው፣ እማማ።»

«ጥያቄ ታውቂበታለሽ፣» ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ፤ ፈገግታቸውን ግን መነጽሩ አልደበቀውም።

ካርታው ከመደርደሪያው ኋላ ያለውን የእንጨት ክዳን አነሳ። ቀዝቃዛ አየር ፊታቸውን መታው። ጎን ለጎን በደረታቸው ተኝተው ወደ ታች አዩ። ካርታው የስልኩን መብራት አበራ። በጥርብ ድንጋይ የተሠሩ ቅስቶች፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ጨለማው እስኪውጣቸው ድረስ ተሰልፈዋል። ከሥራቸው ጥቁር ውሃ ሳይቸኩል ያልፋል። ከራሳቸው በላይ መንገዱ አለ፤ መኪና ይንጫጫል፣ ሰው ይጋፋል። እዚህ ታች ደግሞ ይህ ሁሉ ግርማ ማንም ሳያየው በጸጥታ ይኖራል።

«ሰው አያውቀውም?»

«መንገዱ ሲሠራ ከደኑት፤ ከዚያ ተረሳ። ልጅ ሆኜ ሆድ ሲብሰኝ ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጥፌ አዳምጠው ነበር።»

እጇን ወደ ቅዝቃዜው ዘረጋች። «ለካ አልጠፋህም፣» አለችው ወንዙን። ካርታው ሳቀ። ዞር ስትል ፊታቸው አንድ ስንዝር አይራራቅም ነበር፤ ሳቁ ከሁለቱም ጠፋ።

«ወለሉን የጠረግሁት ለመኝታ አይደለም፣» አሉ እናቱ ከወዲያ።

የጉብኝቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። መንገድ ላይ ቆሙ፤ እሱ ደህና ሁኚ ማለት አቃተው፤ እሷም መሄድ።

«አንተ የታቹን አሳየኸኝ፣» አለች። «እኔ ደግሞ የላዩን ላሳይህ።»

አራት ዓመት የሠራችበት የአዲሱ ሕንጻ ዘበኛ ወዳጇ ናቸው። «ሊፍቱ ገና ሥራ አልጀመረም፤ ሠላሳ ሁለት ፎቅ በእግር ነው፣» አሉ ካርታውን ገርመም አድርገው። «እንግዳሽን ግን ተሸክሜ አላወርድም።»

ሃያኛው ፎቅ ላይ ደረጃው በመስታወቱ በኩል ሲዞር ካርታው ቆመ። ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ምነው?»

«ከፍታ እፈራለሁ።»

«ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ አታመጪኝማ።»

አልሳቀችበትም። እጇን ዘረጋችለት፤ ያዘው፣ እስከ ላይ ድረስ አልለቀቀውም።

ጣሪያው ላይ ሲወጡ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። ካርታው መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ከተማዋ በሙሉ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ፣ በአንድ ጊዜ መጣችበት። እልፍ መስኮት ፀሐይዋን ይዞ ያበራል። ቀጥ ያሉ ናቸው ብሎ ለሰው ሲምል የኖረባቸው መንገዶች እንደ ጅማት ተጣምመው ይሄዳሉ። የእናቱ ቤት ከአውራ ጣቱ ጥፍር ታንሳለች። ወንዙ እሷ እንዳለችው በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ይወጣል። የዚያ ሁሉ ሰው ድምፅ አንድ ሆኖ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ፣ ወደ እነሱ ይወጣል።

«ከተማዋን አውቃታለሁ ስል ኖርኩ፣» አለ። «የማውቀው ለካ ጫማዋን ነው።»

ብርሃኑ ሲቀላ እሱ ሳያስበው አመለጠው፤ «ቅሪ።»

እጇን ከእጁ አወጣች።

«አባቴ ውረጂ ይለኛል። እህቴ ውረጂ ትለኛለች። አጭቶኝ የነበረ ሰው ወይ እኔን ወይ ክሬኑን ብሎኝ ነበር፤ ክሬኑን አልኩት። አንተ ይህን አይተህ ከእነሱ ትለያለህ ብዬ ነበር።»

«ልክ አልነበርኩም፣» ብቻ አለ። ሌላ የሚል እንደሆነ ጠበቀችው፤ አልመጣለትም። ደረጃውን ሁሉ ወረዱ። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ ይዟት ሄደ።

በሳምንቱ ጉብኝቱን ባስያዘችበት ቁጥር ደወለላት። «ዛሬ ከላይ ምን አየሽ?» ነበር ያላት። ባሕሩ በጠዋት ግራጫ፣ በቀትር አረንጓዴ እንደሚሆን፣ መርከቦች ከሩቅ እንደ ጉንዳን እንደሚሰለፉ ነገረችው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እየደወለ ይጠይቃታል፤ እሷም ቀኑን ሙሉ ለእሱ የምትነግረውን ስትለቅም ትውላለች። ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ ስልኩ በድንገት ቆመ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ብትደውል ዝግ ነው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል አለች ለራሷ፤ ማታ ማታ ግን ስልኳን ከአጠገቧ አላራቀችም።

በስምንተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ብረት እያነሳች ወደ ታች ስታይ፣ በአሮጌው የወደብ ሰፈር መንገድ ላይ አንድ ጎበጥ ያለ ሰው አየች። በየበሩ ይቆማል። ደጃፍ ላይ ከተቀመጡ ሽማግሌዎች ጋር ያወራል፣ ይጽፋል። ከዚያ ማንም በሌለበት አንድ ግድግዳ ፊት ቆሞ እጁን ወደ ሰገነቱ እየዘረጋ ለአየሩ ያስረዳል።

ካርታው ነበር።

«ወፊት፣» አለ ፎርማኑ በሬዲዮ፣ «ብረቱ አየር ላይ ነው፤ ምን ነካሽ?»

«ምንም። አወርደዋለሁ።»

መሰላሉን ሮጣ ልትወርድ ነበር። ግን ዳግመኛ ስታየው ገባት፤ ሰውየው እየተማረ ነው። ተወችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ መንገድ በመንገድ፣ ከተማዋን ሲለምዳት ከላይ ተመለከተችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። አንድ ሰው ስለ እሷ ብሎ አንዲትን ከተማ በእግሩ ሲለቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማታ ስልኳ ጮኸ።

«ለነገ ሁለት ሰዓት ትርፍ ጊዜ ይኖርሻል?» አለ ካርታው። «ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ጉብኝት ነው። ያልደወልኩት የት ነህ ብትዪኝ መዋሸት ስለማልችል ነው። እዚህ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ከዓሣ መጋዘኖቹ ጀርባ ያለውን መንገድ ግን አልጨረስከውም። ትናንት ግማሽ ላይ ስትደርስ ተመለስክ።»

«ውሻ አባሮኝ ነው፣» አለ።

«አይቻለሁ።» ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ።

እሁድ ጠዋት ከአሮጌው ሰፈር መግቢያ ላይ ተገናኙ። ፀሐይ አጥቁሮታል፣ ከስቷል።

«እናትህስ?» አለችው መጀመሪያ።

«እሷ ናት ያባረረችኝ። መጽሐፍ ስጠርዝ ፊቴ ላይ ተቀምጠህ አትተክዝብኝ አለችኝ።» ወደ እሷ ዞረ። «ወፊት፣ ቅሪ አልልሽም። ያን ቀን የጠፋኝን ቃል አሁን አግኝቼዋለሁ። ክሬንሽ የሚተከልበትን ከተማ ሁሉ እኔ በእግሬ እማረዋለሁ። ከፈቀድሽልኝ።»

በዓይኗ ምራኝ አለችው፤ ሄዱ። በጨው የተበሉ በሮችን፣ በመርከብ ጣውላ የተሠሩ ሰገነቶችን፣ አባት ለልጅ ያወረሳቸውን የገመድ መግመጃ ቤቶች እያሳየ፣ ባሕሩ ውስጥ ወደገባው የድንጋይ ግንብ ጫፍ ወሰዳት። ከላይ የምታውቀው ዝርግ ሰማያዊ ነገር እዚህ ተራራ ሆኖ ይነሳል፣ ግንቡን ይመታል፣ ድንጋዩ ከእግራቸው ሥር ይርዳል። ወፊት የባሕሩን ትልቅነት አየች፤ የራሷንም ትንሽነት፤ አልፈራችም።

ካርታው ግንቡን እነማን እንደሠሩት እየነገራት ሳለ እጇን በእጁ ውስጥ አስገባች። ንግግሩ መሃል ላይ ተቋረጠ።

«ቀጥል፣» አለችው፣ ወደ እሱ ጠጋ ብላ። «እየሰማሁህ ነው።»